የወጋም አይረሳም

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ያገራችን ሰው። ስለ ተወጊው የተባለው እውነት ነው። ስለ ወጊው ግን አባባሉ ጥቂት የቸኮለ ይመስለኛል። ለመሆኑ ወጊ በእርግጥ ይረሳል? ወይስ እንዲረሳ የሚያግዙት ታሪኩን የሚጽፉለት ሰዎች ናቸው? ጥያቄው የመጣብኝ ጁን 6 ቀን 1944 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፈረንሳይ የኖርማንዲ ጠረፍ ላይ መሽገው፣ ከባሕር የመጣባቸውን የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የካናዳ ጦር ስለተከላከሉት የጀርመን ወታደሮች የተጻፉትንና በፊልም የተሠሩትን ጐን ለጐን ካየሁ በኋላ ነው።

የዕለቱ ታሪክ በሰፊው የታወቀ ነው። ከ150 ሺህ የሚበልጥ ጦር 80 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ጠረፍ ላይ አረፈ። ጠረፉን እንዲያጠናክር የታዘዘው ፊልድ ማርሻል ሮሜል ለሚስቱ ልደት አገሩ ገብቶ ነበር። ሂትለር ተኝቷል። ታንከኛው ጦር ደግሞ ከበላይ ትእዛዝ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ደጋግመው ነግረውናል። ያልጠገብነው ግን በሲሚንቶው ምሽግ ውስጥ ጣቱን ቃታ ላይ አድርጎ ያደረውን ተራ ወታደር ወሬ ነው።

ከፊልሞቹ እንጀምር። ከኮርኔሊየስ ራያን የ1959 መጽሐፍ ተወስዶ በ1962 የተሠራው «ዘ ሎንጌስት ደይ» (ረጅሙ ቀን) ለጀርመኖቹ አንደበታቸውን አልነፈጋቸውም። ለእነርሱ ትዕይንቶች በርንሃርድ ቪኪ የተባለ ዲሬክተር ለብቻው ተመድቦ፣ ተዋንያኑ በገዛ ቋንቋቸው እንዲናገሩ ተደርጓል። አንድ ሻለቃ ከምሽጉ ቀዳዳ በመነጽር ሲመለከት ባሕሩ በመርከብ ተሞልቶ የሚያይበት ትዕይንት ዛሬም ያስደነግጣል። ይሁንና ፊልሙ የሚያጫውተን በአብዛኛው ስለ መኰንኖች ነው፤ ካርታና ስልክ ይበዛበታል። ስቲቨን ስፒልበርግ በ1998 ባቀረበው «ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን» ደግሞ የአሜሪካው ተራ ወታደር ላቡና ደሙ ሳይቀር ሲታየን፣ ጀርመኑ ከመትረየስ ኋላ የተቀመጠ ጥላ ነው።

በዚሁ ፊልም ውስጥ ብዙ ተመልካች ያላስተዋለው አንድ ትዕይንት አለ። ሁለት ወታደሮች እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይማጸናሉ፤ ሆኖም በጥይት ይደፋሉ። ሰዎቹ የሚናገሩት ጀርመንኛ ሳይሆን ቼክኛ ነው። ቼኮች መሆናቸውንና ማንንም አለመግደላቸውን ነው የሚናገሩት። ፊልሙ ይህን አይተረጉምልንም፤ ቋንቋውን የማያውቅ ተመልካች የሟቾቹን ነገር ከገዳዮቹ የተሻለ አይሰማም። ይህ ዝም ብሎ የተፈጠረ አይደለም። በኖርማንዲ ከተሰለፉት መካከል ከሶቪየት ኅብረት ተማርከው የጀርመንን ዩኒፎርም የለበሱ ጆርጂያውያንና ሌሎችም ነበሩ። «የጀርመን ወታደር» የሚለው ስም ብዙ ዓይነት ሰው ይሸፍናል።

ወደ መጻሕፍቱ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። በ1960 ፓውል ካሬል የተባለ ጸሐፊ «መጡ!» የሚል አርእስት የሰጠውን የጀርመኖች ዘገባ አሳተመ። አጻጻፉ ፈጣን ነው፤ ትረካው ልብ ይሰቅላል። ወታደሩ ጀግና ነው፤ የተሸነፈውም በመሣሪያ ብዛት ብቻ ነው። ካሬል የሚለው ግን የብዕር ስም ነው። ትክክለኛው ስሙ ፓውል ሽሚት ሲሆን፣ የሂትለር ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የፕሬስ ቃል አቀባይና የኤስ ኤስ መኰንን ነበር። ወረራው ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት፣ በሜይ 1944፣ የቡዳፔስት አይሁዶችን ለማጋዝ ምክንያት እንዲሆን በምኩራቦቻቸው ፈንጂ «እንዲገኝ» ይደረግ ብሎ ሐሳብ ያቀረበ ሰው ነው። እንግዲህ ይህ ብዕር ስለ ወታደሩ ድፍረት ሲተርክ፣ ወታደሩ በሰው አገር ጠረፍ ላይ ምን ይሠራ እንደነበር ሳይጠይቅ ቢያልፍ ምን ይደንቃል?

በ2015 የወጣው «ዲ ዴይ በጀርመኖች ዓይን» ሌላ ችግር ይዞ መጣ። ሆልገር ኤክሄርትስ በሚል ስም የቀረበው ይህ መጽሐፍ፣ ጋዜጠኛ የነበረ አያት በ1954 ወታደሮቹን አነጋግሮ የተወው ማስታወሻ ነው ተብሎ ተሸጧል፤ ብዙ አንባቢም አግኝቷል። ይሁን እንጂ ምስክሮቹ በእርግጥ የነበሩ ሰዎች ለመሆናቸው የሚጨበጥ ማስረጃ የለም የሚል ብርቱ ጥርጣሬ ተነሥቶበታል። የማኅደር ሥራውን ለባለሙያዎቹ ልተወውና፣ እኔ እንደ አንባቢ የታዘብኩትን ልናገር። ሁሉም ምስክሮች ባንድ አፍ ይናገራሉ። የሚያቅማማ፣ ነገር የሚያምታታ፣ ቀኑን የሚረሳ የለም። ሁሉም ታሪኩን እንደ ልብ ወለድ ጀምሮ፣ አጡዞ፣ ይጨርሳል። ደጋግመውም አውሮፓን ይከላከሉ እንደነበር ይነግሩናል። እውነተኛ ትዝታ ግን እንዲህ ያለ ስፌት የለውም።

የተለየ ሆኖ ያገኘሁት በ2000 የታተመው የሃይንሪሽ ዜቨርሎህ ትዝታ ነው። ዜቨርሎህ የገበሬ ልጅ ነው። በዚያ ዕለት ገና 21 ዓመት አልሞላውም። ኦማሃ በተባለው ዳርቻ ቁጥር 62 በሚባለው ምሽግ ውስጥ ከማለዳ እስከ ከሰዓት በኋላ ተኮሰ። ከ12 ሺህ በላይ የመትረየስ ጥይት ጨረስኩ ይላል። አለቃው መቶ አለቃ ፍሬርኪንግ ሲያፈገፍግ ሞተ፤ እርሱ ተማረከ። የገደልኩት ከሺህ ይበልጣል፣ ምናልባትም ከሁለት ሺህ ያልፋል ሲል ግን አላምነውም። ስምንት ኪሎ ሜትር በሚሆነው ዳርቻ ላይ ከአንድ ደርዘን በላይ ምሽጎች ነበሩ። መድፉና ሞርታሩም ያለማቋረጥ ይተኩሱ ነበር። በዚያ ዳርቻ የሞቱት፣ የቆሰሉትና የጠፉት አሜሪካውያን በአንድነት ለረጅም ጊዜ ሲገመቱ የኖሩት 2,400 ገደማ ነው። የኋላ ግምቶች ከዚህ ቢልቁም፣ ያን ያህሉን አንድ ሰው ገደለ ለማለት አያበቁም። በጢስ ውስጥ ሆኖ ማን ይቈጥራል?

ቁጥሩን ባላምንም ሰውየውን አምነዋለሁ። ምክንያቱም ዜቨርሎህን ዕድሜ ልኩን በሕልሙ ያባነነው ሺህ ሰው አልነበረም፤ አንድ ሰው ነበር። በመትረየስ ሳይሆን በጠመንጃ አነጣጥሮ የመታው፣ የብረት ቆቡ ተንከባልሎ ሲወድቅ ያየው አንድ ወታደር። ካሬል ይህን አይጽፍም፤ ለጀግና ትረካ አይመችምና። የ2015ቱ መጽሐፍም ደም በየገጹ ቢያፈስም ይህን አያገኘውም።

ታዲያ እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብን። የወታደሩ ፍርሃትና ጸጸት እውነት ስለሆነ ዓላማው ይነጻል ማለት አይደለም። ምሽጎቹ በግዳጅ ሠራተኞች ጭምር የተሠሩ ናቸው። ወረራው በተጀመረ በአራተኛው ቀን ከደቡብ ወደ ኖርማንዲ በማምራት ላይ ከነበረው የኤስ ኤስ ክፍለ ጦር አንድ ክፍል፣ ኦራዱር ሱር ግላን በተባለች መንደር ሕፃናትና ሴቶች ሳይቀሩ ከ640 በላይ ሰዎች ፈጅቷል። የዜቨርሎህም መጽሐፍ ትልቁ ጉድለት ዓይኑን ከዚያች ዳርቻ ብዙም አለማንሣቱ ነው። እርሱ የሚነግረን እንዴት እንደተኮሰ እንጂ፣ ተኩሱ የማንን አገዛዝ ለአንድ ተጨማሪ ቀን እንዳቆየ አይደለም። ይህን የሚሞላው አንባቢው ራሱ ነው።

ያም ሆኖ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ለማንበብ ጊዜ ያለው ሰው ይህን ያንብብ እላለሁ። ዜቨርሎህ ከምርኮ ተመልሶ በእርሻው ሲኖር፣ በራያን መጽሐፍ ውስጥ የአንድ አሜሪካዊ ስም አገኘ። ይህ ዴቪድ ሲልቫ የተባለ ሰው በዚያው ዳርቻ በጥይት ቆስሎ የተረፈ፣ በኋላም ካህን የሆነ ነው። ዜቨርሎህ አፈላልጎ አገኘው፤ በ1960ዎቹም ተገናኙ፤ ወዳጆችም ሆኑ። ፈላጊው የተወጋው አልነበረም። የወጋው ነበር።