ኢሜክ 100፦ ኪስ የማይጎዳው ማርከር በውድድር ሚዛን

የርካሽ ፔይንትቦል ማርከር (የቀለም ጥይት መተኮሻ) ወጉ የታወቀ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት የውድ ወንድሙን ይመስላል፣ የተቀነሰው ከሆዱ ነው። የእንግሊዙ ፕላኔት ኢክሊፕስ ኢሜክ 100ን ሲሠራ ነገሩን ገልብጦታል። አካሉን ከብረት ወደ ጠንካራ ፕላስቲክ አውርዶ፣ ባትሪና ኤሌክትሮኒክስ አስወጥቶ፣ ውስጡ ያለውን ዋና ሞተር ግን ሳይነካ ትቶታል። ጋማ ኮር የሚባለው ይህ የቦልት (ጥይቱን የሚገፋው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ሥርዓት በኤሌክትሮኒክሱ ኢታ 2 ውስጥም ይሠራል። የኩባንያው ዋና ዋና ማርከሮች ከ1,500 ዶላር በላይ ሲጠየቅባቸው የኢሜክ ዋጋ 300 ዶላር አካባቢ ነው። ጥያቄው በዚህ ዋጋ ውድድር ይገባል ወይ ነው። መልሴ ይገባል፣ ግን የትኛውም ውድድር አይደለም የሚል ነው።

ውድድሮቹ አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን ለማየት ወደ መነሻው መለስ ማለት ይጠቅማል። የመጀመሪያው የፔይንትቦል ጨዋታ በሰኔ 1981 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር፣ ሄኒከር አቅራቢያ ባለ ጫካ ውስጥ ተካሄደ። 12 ሰዎች ዛፍና ከብት ለማመልከት በተሠራው ኔልስፖት 007 ተፋለሙ፤ ያሸነፈው ሪቺ ዋይት አንድም ጥይት አልተኮሰም። ዛሬ በአሜሪካው ኤንኤክስኤል ሊግ አምስት ለአምስት፣ በአየር በተነፉ መከለያዎች መካከል ይጫወታሉ። ተጫዋቹ ቃታውን ጥቂት ጊዜ በተከታታይ ሲስብ ኤሌክትሮኒክሱ ተኩሱን ተቀብሎ በሰከንድ እስከ 10.2 ጥይት ያዘንባል። በዚህ ፍጥነት 2,000 ጥይት የያዘ ካርቶን ሦስት ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም።

ኢሜክ እዚህ ሜዳ ላይ እጁ አጭር ነው። እያንዳንዱ ጥይት አንድ የጣት ስበት ይጠይቃል፤ ቃታው ቀላልና አጭር ቢሆንም የሰለጠነ ጣት እንኳ ያንን ፍጥነት ጨዋታውን ሙሉ ይዞ አይዘልቅም። ከዓመታት ወዲህ የተመለሱት፣ ኤሌክትሮኒክስ የማይፈቀድባቸው የሜካኒካል ውድድሮች ግን ለእሱ የተሰፉ ይመስላሉ። በዚያ ሁሉም በጣቱ ነው የሚተኩሰው፤ የ300 ዶላሩ ባለቤት ከብዙ ውድ ተፎካካሪዎች ጋር እኩል ይቆማል።

የኢሜክን ዋጋ በትክክል የሚያሳየው የጥገናው ነገር ነው። ከጨዋታ በኋላ የአየር ሲሊንደሩ ይፈታል። ያን ጊዜም ውስጥ የቀረ ግፊት ስለሚኖር መነጽር ሳይወልቅ፣ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ዞሮ፣ ቃታው እየተሳበ ይራገፋል። ከዚያ ቦልቱ በኋላ በኩል ይወጣል። አሮጌው ግሪስ ከቀለምና ከአቧራ ጋር ተላቁጦ ይገኛል፤ በንጹህ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ኦሪንጎቹ (የጎማ ቀለበቶቹ) ተቆርጠው ወይም ተልጠው እንደሆነ ታይተው፣ ለማርከር የተሠራ ግሪስ በስሱ ይቀባሉ። ሲበዛም ጉዳት አለው፤ ትርፉ ወደ አፈሙዙ ተገፍቶ ጥይቱን ከመስመሩ ያስወጣዋል። የነዳጅ ዘር የሆነ የሚረጭ ዘይት ጎማውን ስለሚያበላሽ አይነካም። ካርቦንዳይኦክሳይድም እንዲሁ፤ ይህ ማርከር የተሠራው ለታመቀ አየር ብቻ ነው።

ብልሽቱም ቢሆን አይደበቅም። ማርከሩ ጥቂት አርፎ የመጀመሪያዋ ጥይት ደክማ ከወጣች፣ ቦልቱ በደረቀ ኦሪንግ ላይ ተጣብቆ ነበር ማለት ነው፤ ግሪስ ይፈታዋል። በተቃራኒው የመጀመሪያዋ ከሌሎቹ ፈጥና ከወጣች ቦልቱን መፍታት ድካም ነው፤ ማርከሩ ባረፈበት ጊዜ ግፊቱን ቀስ በቀስ የሚያሳልፈው የአየር ግፊት መቆጣጠሪያው፣ ሬጉሌተሩ ነው። ይህ ሁለተኛው በቸልታ አይታለፍም። በአብዛኛው ውድድር የፍጥነት ጣሪያው በሰከንድ 300 ጫማ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ ነው፤ ዳኛ በክሮኖግራፍ ለክቶ ከዚያ በላይ ካገኘ ቅጣቱ ለቡድኑ ሁሉ ይተርፋል። ጠዋት በትክክል የተስተካከለ ማርከር ከሰዓት በኋላ ሊስት ስለሚችል ልኬቱ በየጨዋታው መደገም አለበት።

ጉድለቱን ልደብቅ አልፈልግም። ኢሜክ ጥይት ቦታዋን መያዟን የሚያይ የብርሃን ዓይን የለውም። ጣት ጥይት ከሚያቀብለው መጋቢ ከቀደመ ቦልቱ ግማሽ የገባችውን ጥይት ይቆርጣታል፤ የጄላቲን ቅርፊቷ ተሰብሮ አፈሙዙ በቀለም ይሞላል፣ ቀጥሎ የሚተኮሰውም ሁሉ ይጣመማል። መፍትሔው ፈጣን መጋቢ መግዛት ነው፤ ያ ደግሞ ወጪ ነው። ከማርከሩ የአየር ምት ተቀብሎ የሚዞረው ፓል የተባለው መጋቢ ባትሪ ባይፈልግም በነጻ አይመጣም። አብሮት የሚሸጠው አፈሙዝም ለልምምድ ይበቃል እንጂ፣ በሙቀትና በእርጥበት መጠኗ ከምትለዋወጥ ጥይት ጋር ቀዳዳውን ማመሳሰል የሚፈልግ ተወዳዳሪ ሌላ መግዛቱ አይቀርም።

ስለዚህ ፍርዴ እንዲህ ነው። ዓላማው ኤንኤክስኤልን በመሰለ የኤሌክትሮኒክስ ሊግ መሰለፍ የሆነ ሰው ኢሜክን ገዝቶ ቆይቶ ከሚቆጭ፣ ገንዘብ ጨምሮ ኢታ 2ን ቢይዝ ይሻለዋል። በሜካኒካል ውድድር ለሚጀምር ግን ከዚህ በላይ ማውጣት ትርፉ ለዓይን ነው። የተረፈውን በቅድሚያ ጥሩ መነጽር፣ ቀጥሎ የምርመራ ጊዜው ያላለፈ ሲሊንደር፣ ከዚያ መጋቢ ላይ ቢያውለው ያተርፋል። የቀረው ሁሉ ለጥይት ይሁን፤ ጣትን የሚያሰለጥነው እሱ ነውና።