ሙታንን ከሕያዋን ማጋጠም

ቦክስ ወዳዶች ሁለትና ሦስት ሆነው በተገናኙ ቁጥር የማያልቅ ሙግት አላቸው። ጃክ ዴምፕሲና ማይክ ታይሰን ቢገጥሙ ማን ያሸንፍ ነበር? አንዱ የድሮዎቹ ብረት ነበሩ ይላል፤ ሌላው የዛሬዎቹ ግዙፎች ናቸው፣ በሳይንስ ነው የሚሠለጥኑት ሲል ይመልሳል። ማስረጃ የሚጠይቅ ዳኛ ስለሌለ ሙግቱ ይጥማል።

ይህንን የቡና ቤት ጨዋታ ገበያ ያወጣው መሪ ዎሮነር የተባለ አሜሪካዊ የሬዲዮ አዘጋጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የየዘመኑን የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኖች በኮምፒውተር እያጋጠመ ውጤቱን በሬዲዮ አሰማ። በዚህ ውድድር ጄምስ ጄፍሪስ መሐመድ አሊን አሸነፈ ተባለ፤ አሊም ስሜ ጠፋ ብሎ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ከሰሰ። በ1969 ግን ይኸው አሊ ከሮኪ ማርሲያኖ ጋር ካሜራ ፊት ቆመ። ለቬትናም ጦርነት አልመለመልም በማለቱ በዚያን ጊዜ ከመድረክ ታግዶ ነበር። ማርሲያኖ በበኩሉ ጓንቱን ከሰቀለ 13 ዓመት ሆኖታል፤ ክብደት ቀንሶ፣ ሰው ሠራሽ ጸጉር አጥልቆ መጣ። መጨረሻው በየዓይነቱ ተቀረጸ። ፊልሙ በጃንዋሪ 1970 አሜሪካ ውስጥ ሲታይ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። በአውሮፓ በታየው ቅጂ ድሉ የአሊ ነበር። ኮምፒውተሩ የተመልካቹን ፓስፖርት እያየ የፈረደ ይመስላል። ማርሲያኖ ራሱ ማን እንዳሸነፈ ሳያውቅ በኦገስት 1969 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

የዎሮነር ፊልም ተራ ማጭበርበሪያ ነው ብለን እንዳናልፈው የሚያደርገን አንድ ነገር አለ። እኛም ስንከራከር የምናደርገው ከዚህ የተለየ አይደለም። ጄፍሪስ ታላቅ ነው የሚያሰኘው ምንድን ነው? በ1905 ሳይሸነፍ ዘውዱን አውርዶ መሄዱ ነው። ነገር ግን ይህ ሰው ሻምፒዮን ሳለ ከጥቁር ቦክሰኛ ጋር ለዘውዱ አልገጥምም ብሎ የኖረ ነው። የነጮችን ክብር ያስመልስ ተብሎ በጁላይ 4 ቀን 1910 ሬኖ ከተማ ላይ ከጃክ ጆንሰን ጋር ሲገጥም በ15ኛው ዙር ወደቀ። በእርግጥ ከመድረክ ከራቀ ዓመታት አልፈውት ነበር። ቢሆንም ንጹሕ የሚመስለው ታሪኩ ግማሹን ዓለም በር ላይ አስቁሞ የተጻፈ ነው። ዴምፕሲም ሃሪ ዊልስን ሳይገጥም ዘመኑን ጨረሰ። ጆንሰን እንኳ ዘውዱን ከጨበጠ በኋላ፣ በ1913 ፓሪስ ላይ ከጂም ጆንሰን በቀር ለጥቁር ተጋጣሚ ዕድል አልሰጠም፤ በ1906 ያሸነፈው ሳም ላንግፎርድ ሁለተኛ ዕድል ሲለምን ኖሮ ለከባድ ሚዛን የዓለም ዘውድ ሳይገጥም ቀረ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገባው ቁጥር እንግዲህ ይህ ነው።

ስለ ግዙፍነት የሚነገረውም ቢሆን ተጋኗል። ዴምፕሲና ማርሲያኖ 85 ኪሎ ገደማ ነበሩ፤ በዛሬው ደንብ ከባድ ሚዛን ውስጥ አይገቡም። ነገር ግን ዴምፕሲ በ1919 ቶሌዶ ላይ ጄስ ዊላርድን በመጀመሪያው ዙር ብቻ ሰባት ጊዜ ሲጥለው ዊላርድ 111 ኪሎ ነበር። (ያኔ ወደ ገለልተኛ ማዕዘን ሂድ የሚል ዳኛ ስላልነበረ የወደቀውን ከአናቱ ቆሞ ይጠብቀው እንደነበርም አይዘንጋ።) ጆ ሉዊስ በሰኔ 1927 ዓ.ም.፣ ሙሶሊኒ እኛን ሊወር ጦሩን በሚያከማችበት ወቅት፣ 118 ኪሎ የሚመዝነውን ጣሊያናዊ ፕሪሞ ካርኔራን በስድስተኛው ዙር ሲያስቆመው እሱ 89 ኪሎ ነበር፤ የሐርለም ጥቁሮች ያንን ግጥሚያ የኢትዮጵያ ጉዳይ አድርገው ነው ያዩት። በሜይ 2024 ሪያድ ላይ ደግሞ ኦሌክሳንደር ኡሲክ ከ17 ኪሎ በላይ የሚበልጠውን ታይሰን ፊዩሪን በነጥብ አሸነፈ። ኡሲክ ከዝቅተኛው ሚዛን ወጥቶ የመጣ ሰው ነው። ትልቅ ሰው ትንሽን ይበላል የሚለው ሕግ በድሮም በዛሬም አልያዘም።

የድሮውን ፊልም አይቶ «እነዚህማ መደባደብ አያውቁም» የሚል ወጣት ይኖራል። አይፈረድበትም። ያ ፊልም በእጅ በሚዞር ካሜራ የተነሣ ነው፤ በኋለኛው ዘመን መሣሪያ ሲታይ ሰዎቹ እንደ አሻንጉሊት ይንቀጠቀጣሉ። ደግሞም ጆንሰን በ1915 ሐቫና ላይ በዊላርድ ሲሸነፍ ግጥሚያው የታቀደው ለ45 ዙር ነበር፤ የወደቀው በ26ኛው ነው። አርባ አምስት ዙር ይቆማል ተብሎ የሚጠበቅ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ አይቸኩልም፤ ይተቃቀፋል፣ ይደገፋል፣ ትንፋሹን ይቆጥባል። የዛሬው 12 ዙር የመጣው ደቡብ ኮሪያዊው ዱክ ኩ ኪም በኖቬምበር 1982 ከሬይ ማንቺኒ ጋር ተጋጥሞ ከሞተ በኋላ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ስፖርት አይደሉም ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

የዛሬዎቹን ሳያነሱ ማለፍ ግን አድልዎ ይሆናል። አሁን የቀለም መስመር የለም፤ የቀበቶ መስመር አለ። አራት ድርጅቶች አራት ሻምፒዮን ያነግሣሉ። ከሌኖክስ ሉዊስ የ1999 ድል እስከ ኡሲክ ድረስ ወደ 25 ዓመት ገደማ በከባድ ሚዛን ያልተከፋፈለ ሻምፒዮን አልነበረም። ፍሎይድ ሜይዌዘር በ21 ዓመት ውስጥ 50 ጊዜ ገጥሞ 50 ጊዜ አሸነፈ። ሃሪ ግሬብ በ1919 ብቻ 45 ጊዜ ያህል ገጥሟል። ግሬብ በአንድ ዓይኑ ብቻ እያየ ጥቁር ነጭ ሳይል የመጣውን ሁሉ የገጠመ፣ ጂን ተኒን ያሸነፈ ብቸኛ ሰው ነው። ሲደባደብ የሚያሳይ አንድም ፊልም አልተገኘም። እኔን የትኛውን ታስቀድማለህ ብትሉኝ ግሬብን እላለሁ።