ከሥራ የወጡትን ማን ይጠይቃቸዋል? የዳሰሳ ጥናት በሥራ ሥነ ልቦና ምርምር

ሬንሲስ ላይከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ያስተዋወቀው የአመለካከት መለኪያ ዛሬም በየፋብሪካውና በየባንኩ ይታደላል። ሠራተኛው ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» ከተደረደሩት አማራጮች አንዱን ይመርጣል። በጥቂት ቀናትና በአነስተኛ ወጪ የብዙ መቶ ሰዎች መልስ ይሰበሰባል። ስም ካልተጻፈበት ደግሞ ሠራተኛው አለቃው ፊት የማይደፍረውን ሊገልጽበት ይችላል። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ መሰላቸትንና የበደል ስሜትን ከባለቤቱ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ባለቤቱን መጠየቅ ግድ ይሆናል።

ተቺዎች ሠራተኛ ስለ ራሱ የሚሰጠው መልስ አያስተማምንም ይላሉ። ፊሊፕ ፖድሳኮፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 በሰፊው የተነተኑት ችግርም እውነተኛ ነው። አንድ ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ላይ ስለ አለቃውም ስለ እርካታውም ሲጠየቅ፣ የዕለቱ ስሜቱ በሁለቱም መልሶች ላይ ያርፋል። ያን ቀን ከከፋው ሁለቱንም ዝቅ አድርጎ ይሞላል። አጥኚው በአመራርና በእርካታ መካከል ያገኘው ተዛምዶ በከፊል የዚያ ስሜት ውጤት ሊሆን ይችላል። ከዚህ ተነሥቶ መጠይቅን ጨርሶ መጣል ግን ስሕተት ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1985 ለንደን ውስጥ የተጀመረው ሁለተኛው የኋይትሆል ጥናት ነው። 10,308 የመንግሥት ሠራተኞችን ይዞ የተነሣው ይህ ጥናት፣ ሠራተኞቹ በሥራቸው ላይ ምን ያህል የመወሰን ዕድል እንዳላቸው በመጠይቅ ጠየቀ። አጥኚዎቹ በዚህ አላበቁም፤ የሰው ኃይል ኃላፊዎችም የሥራ መደቦቹን በዚሁ ረገድ እንዲመዝኑ አደረጉ፤ ከዚያም የሠራተኞቹን ጤና ለዓመታት ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል እንደተዘገበው፣ የመወሰን ዕድላቸው ያነሰ ሠራተኞች ለልብ ሕመም ይበልጥ ተጋላጭ ነበሩ። ዝምድናው በሠራተኞቹ ቃልም በኃላፊዎቹ ምዘናም ታየ። መጠይቁ ከሌላ ምንጭ ጋር ሲመሳከርና ጊዜ ሲሰጠው ምን ያህል እንደሚያስተማምን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ጥናት ማግኘት ይከብዳል።

በእኔ እምነት ከባዱ ድክመት መልሱ ሳይሆን መላሹ ላይ ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ለጀማሪ ሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከፋፍለው አጠኑ። የሥራው ዕጣ ከወጣላቸው መካከል ሥራውን ከያዙት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶዎቹ ደግሞ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀቁ። እነዚያው ድርጅቶች በዓመቱ መጨረሻ በግቢያቸው ውስጥ የእርካታ መጠይቅ ቢያድሉ ኖሮ የሚያገኙት የቻሉትን ሰዎች ድምፅ ብቻ ነበር። ሥራው ያሳመማቸው ወይም ደመወዙ ያልበቃቸው አስቀድመው ሄደዋል። ሁለቱ አጥኚዎች ግን የወጡትንም ተከታትለው ስለጠየቁ፣ የፋብሪካ ሥራ በጤና ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት ማየት ቻሉ። ያንን ያሳየውም ያው የሚተቸው የዳሰሳ ጥናት ነው።

በአገራችን የማስተርስ ጥናቶች «ክሮንባክ አልፋው ከ0.7 በላይ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር እንደ ማረጋገጫ ማኅተም ይታያል። ቁጥሩ የሚናገረው ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚጣጣሙ ነው፤ ማን እንዳልተጠየቀ አይነግረንም። ወረቀቱን የሰበሰበው የቅርብ አለቃው ከሆነም፣ ሠራተኛው የመሰለውን ሳይሆን የሚያዋጣውን ቢሞላ አልፋው ይህን አያጋልጥም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ በፍርሃት በየጥያቄው «እስማማለሁ» ላይ ምልክት ሲያደርጉ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ አማካሪዎች ተማሪዎቻቸውን ከአልፋው በፊት ሦስት ነገሮች ሊጠይቋቸው ይገባል፦ ወረቀቱን ማን አደለ፣ ማን ሰበሰበ፣ ባለፈው ዓመት ከለቀቁት ሠራተኞች ስንቱ በስልክ ተገኝተው ተጠየቁ?