ከሊስትሮ ወንበር የተሰበከ ፖለቲካ

እ.ኤ.አ. በ1787 የተረቀቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ፖለቲካ ፓርቲ አንድም ቃል አይናገርም። ፕሬዚዳንት ዋሽንግተንም በ1796 ባወጡት የስንብት መልእክታቸው የወገንተኝነት መንፈስ አገሪቱን እንዳይከፋፍላት አጥብቀው አስጠንቅቀዋል። ይሁንና ሕጉ ያልጠራው፣ መሪውም የፈሩት ይኸው ነገር ዜጋውን ከመንግሥቱ ጋር የሚያገናኝ ዋና ድልድይ ሆኖ ኖሯል። ድልድዩ እንዴት እንደተሠራ፣ የመሻገሪያውንም ቀረጥ ማን እንደሚሰበስብ ለመረዳት ከብዙ የፖለቲካ ሳይንስ መማሪያዎች ይልቅ በ1905 የታተመች አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ትሻላለች፤ «የታማኒ ሆሉ ፕለንኪት»።

ተናጋሪው ጆርጅ ዋሽንግተን ፕለንኪት (1842–1924) የዴሞክራቲክ ፓርቲ የኒው ዮርክ ከተማ ድርጅት በነበረው በታማኒ ሆል ውስጥ የአንድ የምርጫ ክልል አለቃ፣ ለግዛቲቱም ምክር ቤት ሴናተር ነበር። ጸሐፊው ዊሊያም ሪዮርደን የኢቭኒንግ ፖስት ጋዜጠኛ ሲሆን፣ ሰውየው በካውንቲው ፍርድ ቤት ሕንፃ ውስጥ ከሚገኝ የሊስትሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያወጋውን ሰምቶ ጽፎታል። ሕንፃው ራሱ የቀድሞው የታማኒ አለቃ ዊሊያም ትዊድና ግብረ አበሮቹ የከተማዋን ካዝና ያራቆቱበት ግንባታ መሆኑን ልብ ይሏል።

ለአማርኛ አንባቢ የመጀመሪያው እንቅፋት «ፓርቲ» የሚለው ቃል ነው። በኢትዮጵያ ቃሉ የአባልነት ደብተርን፣ መዋጮንና ግምገማን ያስታውሳል፤ ኢሠፓ እ.ኤ.አ. በ1984 ሲመሠረት አባልነት ታጭተውና ተጣርተው የሚደርሱበት ማዕረግ ነበር። በአሜሪካ ግን ዴሞክራት ወይም ሪፐብሊካን ለመሆን መልማይ አያስፈልግም። በብዙ ግዛቶች በመራጭነት ሲመዘገቡ የፓርቲውን ስም መጥቀስ ይበቃል፤ በሌሎቹ ይህም አይጠየቅም። እንዲህ የላላ ማኅበር ከየት ጡንቻ እንዳገኘ የሚያሳየው ፕለንኪት ነው።

የፕለንኪት መነሻ አንድ ድምፅ ነው። ፖለቲካ ልግባ ያለ ወጣት ንግግር ማጥናቱን ትቶ አንድ የሚከተለው ሰው ይፈልግ ይላል። እርሱ በአጎቱ ልጅ ድምፅ ጀመረ፤ ጓደኞች ጨመረ፤ ስድሳ ሲሞሉ በስሙ ማኅበር አቋቋመ። ደህና ድምፅ ያለው ጎረምሳ ሲያገኝ ወደ መዘምራን ቡድኑ፣ ቤዝቦል የሚወድ ሲያገኝ ወደ ጨዋታው ክበብ ይስበዋል። በመጨረሻው ምዕራፍ የተዘረዘረው የአንድ ቀን ውሎው ደግሞ የመጽሐፏ ምርጥ ገጽ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የታሰረ ሰው ለማስፈታት ይነሣል፤ ሲነጋጋ ቤት ተቃጥሎባቸው ለወጡ ቤተሰቦች መጠለያና ልብስ ይፈልጋል፤ ረፋድ ላይ ኪራይ ላጠረው ይከፍላል፤ ሥራ ላጣ ሥራ ያፈላልጋል፤ ከቀትር በኋላ ከጣሊያኖች ቀብር ወደ አይሁዶች ቀብር ይሄዳል፤ ማታ ሠርግ አለበት። ዕድርን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ሁሉ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ዕድርተኛው ከፍሎ የሚረዳ መሆኑ፣ የፕለንኪት ጎረቤት ግን ተረድቶ በኋላ የሚከፍል መሆኑ ነው።

አለቃው የሚታወቅበት ሐሳብ ለአማርኛ አስቸጋሪ ነው። «ጉቦ» ቢሉት ይጠባል፤ «ሙስና» ቢሉት ይሰፋል፤ «ሐቀኛ ምዝበራ» ማለት ሳይሻል አይቀርም። ከተማው በአንድ ሥፍራ መናፈሻ ሊሠራ መሆኑን አስቀድሞ የሰማ ሰው ቦታውን በርካሽ ገዝቶ በውድ ቢሸጥ ማንን በደለ? እያለ ይጠይቃል። መልሱን ሪዮርደን አይሰጥም፤ በወጉ ጣዕም ተማርኮ ሰውየውን ሳይሞግት ያልፈዋል። መሬቱን በርካሽ የሸጠው ጎረቤት ግን ምሥጢሩን ያልሰማው ያው መራጭ ነው፤ የግብር ከፋዩም ገንዘብ ለቃጠሎ ተጎጂው በተሰጠው ልብስ በኩል በከፊል ብቻ ተመልሷል። ምጽዋቱና ምዝበራው በመጽሐፏ ተለያይተው ቢቀመጡም ኪሱ አንድ ነው።

ፕለንኪት ከሁሉ የሚጠላው የመንግሥት ሥራ በፈተና እንዲሰጥ ያደረገውን ሥርዓት ነው። ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በ1881 ሹመት ባጣ ሰው ከተገደሉ በኋላ በ1883 የወጣው የፔንድልተን ሕግ የዚህ ሥርዓት መሠረት ነው። ተሐድሶ አራማጆቹን ግን ጠዋት አብባ ቀን በምትጠወልግ አበባ ይመስላቸዋል፤ በዚህስ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ዊስኮንሲን በ1904 ዕጩዎችን ሕዝቡ ራሱ በቀጥታ የሚመርጥበትን የቅድመ ምርጫ ሕግ በሕዝበ ውሳኔ አጸደቀች። ከ1968ቱ የቺካጎ ጉባኤ ሁከት በኋላም የፕሬዚዳንት ዕጩነት ከአለቆች ጓዳ ወጣ። በሩ ተከፈተ፤ የሚገባው ግን ጥቂት ነው። በቅድመ ምርጫ የሚሳተፈው ሕዝብ ከዋናው ምርጫ በእጅጉ ያንሳል፤ በሩን የሚያንኳኳ ፕለንኪትም የለም።

በዋሽንግተን ከተማ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ሲፈጸም አማርኛ ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ አገልግሎት ፍለጋ ሲሄድ የማንንም ፓርቲ ደጅ ሳይጠና በቋንቋው የተጻፈ ቅጽ ሊያገኝ ይችላል፤ ለቅጹም ድምፁን አይከፍልም። ይህ ታላቅ ትርፍ ነው። ቅጹ ግን ለቀብር አይመጣም።

መጽሐፏ የምትጎድለው በአድማጮቿ ነው። የተረዱት ሁሉ በአለቃው አንደበት ብቻ ይታያሉ፤ በኒው ዮርክ ግዛት እስከ 1917 የመምረጥ መብት ያልነበራቸው ሴቶች ደግሞ ከነጭራሹ የሉም ማለት ይቻላል። ከድክመቷ የተነሣ ሳይታሰብ የሚያበራው ስለ ውለታ ቢስነት የሚያወራው ምዕራፍ ነው። ፕለንኪት ያሳደግሁት የሚለው ማክማነስ የክልሉን መሪነት ወሰደበት፤ አለቃውም ክህደት ነው ብሎ ያማርራል። ከምሬቱ ሥር ግን እርሱ ያላየው ነገር አለ፤ ያ ሁሉ ልብስ፣ ያ ሁሉ ኪራይ፣ ያ ሁሉ ቀብር የመራጩን እጅ ሊያስር አልቻለም። ከማክማነስ ጋር የቆሙት ሰዎች ለምን ፊታቸውን እንዳዞሩ ሪዮርደን ከሊስትሮው ወንበር ወርዶ አልጠየቃቸውም።