«ነገርየው»ና ፈራጆቹ

ጆን ካርፔንተር በ1982 እ.ኤ.አ. የሠራውን «ዘ ቲንግ» የተባለ ፊልም ሰሞኑን ሰባት ሆነን በአንዲት ላፕቶፕ ዙሪያ ተፋፍገን አየነው። አርእስቱን በአማርኛ እንመልሰው ካልን «ነገርየው» ከማለት የተሻለ አላገኘንም፤ ስሙን ለመጥራት የማንፈልገውን፣ ወይም ምን ብለን እንደምንጠራው የቸገረንን ሁሉ «ነገርየው» እንል የለ? ፊልሙ ካለቀ በኋላ መብራት ሳናበራ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። የክርክሩ ርእስ ግን ጭራቁ አልነበረም። ከመካከላችን አንዱ፣ ፊልሙ በወጣበት ጊዜ የአሜሪካ ሃያስያን እንዴት አድርገው እንደቀጠቀጡት ቢያነሣ፣ «ታዲያ እነዚያ ሰዎች ዕውሮች ነበሩ ወይስ እኛ ነን በኋላ በመጣ ዝና የተሸወድነው?» ወደሚል ጥያቄ ገባን። ጉዳዩ ለምን ይህን ያህል እንደከነከነን መጨረሻ ላይ እንናገራለን።

ላላየ አንባቢ ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። በአንታርክቲካ፣ ክረምቱ በገባበት ሳምንት፣ 12 ወንዶች በአንድ የአሜሪካ ምርምር ጣቢያ ይኖራሉ። አንድ የኖርዌይ ሄሊኮፕተር በበረዶው ላይ ውሻ እያሳደደ ይመጣል። ኖርዌያዊው ጠመንጃውን ደግኖ በገዛ ቋንቋው ይጮኻል፤ ቋንቋውን የሚያውቅ የለም። ተኩሶ አንዱን ሲያቆስል የጣቢያው አዛዥ ገደለው፤ ውሻውም ገባ። ኖርዌይኛ የሚሰማ ተመልካች የፊልሙን ምስጢር እዚያው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያገኘዋል፤ ሰውየው «ይህ ውሻ አይደለም» እያለ ነበርና። ከሌላ ዓለም የመጣው ይህ ፍጡር የዋጠውን ሕያው ሁሉ መልኩንም ድምፁንም ጠባዩንም ይቀዳል። ስለዚህ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከ12ቱ ማን ሰው፣ ማን «ነገርየው» እንደሆነ የሚያውቅ ይጠፋል።

ፊልሙ የወጣው በጁን 25 ቀን 1982 ነው። 15 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ በሰሜን አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያስገባው 20 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም፤ ከዚያ ላይ የሲኒማ ቤቶቹ ድርሻ ሲነሣ የሚቀረውን አስሉት። የኒውዮርክ ታይምሱ ቪንሰንት ካንቢ ወዲያው የሚጣል ቆሻሻ አድርጎ ጻፈበት። ሮጀር ኢበርት፣ ለዘብ ቢልም፣ ማስታወክያ ከረጢት ይዘው የሚገቡበት ፊልም ነው አለ። በዘርፉ የታወቀው «ሲኔፋንታስቲክ» መጽሔት ደግሞ በዘመናት ሁሉ እጅግ የተጠላው ፊልም ይህ ይሆን ሲል በሽፋኑ ላይ ጠየቀ። ኤኒዮ ሞሪኮኔ የደረሰው ሙዚቃ «ራዚ» ለተባለው የመጥፎ ሥራዎች ሽልማት ታጨ። (ለዚሁ ፊልም ተጽፎ ሥራ ላይ ሳይውል ከቀረው ሙዚቃ ከፊሉ በ2015 በወጣው የታራንቲኖ ፊልም ውስጥ ገብቶ፣ ሞሪኮኔ ለዚያ ፊልም ሙዚቃው ኦስካር ወሰደ! እኛ ሳቅን፤ ሽማግሌውም ሳይስቅ አይቀርም።) ካርፔንተር ራሱ ቀጥሎ ሊሠራው የነበረው ፊልም ከእጁ ወጣ።

ለዚህ ውድቀት ሁሉም የሚደጋግመው አንድ ማብራሪያ አለ። ከሁለት ሳምንት በፊት የስፒልበርግ «ኢ.ቲ.» ወጥቶ ነበር፤ ሕዝቡ ከሕፃናት ጋር የሚወዳጅ፣ ቤቱ የናፈቀው እንግዳ ፍጡር አይቶ ሲያለቅስ ከርሞ ይኼን አስቀያሚ እንዴት ይቀበል? ይባላል። እኛ ይህን ማብራሪያ አንቀበለውም፤ ቢያንስ አይበቃንም። በዚያው በጁን ወር «ፖልተርጋይስት» የሚባል የመናፍስት ፊልም ወጥቶ ሕዝቡ ጎርፎለታል። ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ «ኤሊየን» ደም እየረጨ ሚሊዮኖችን አስፈርቶ አስደስቷል። ስለዚህ ተመልካቹ መፍራት አልጠላም። ልዩነቱ ወዲህ ነው፤ በ«ፖልተርጋይስት» ቤተሰቡ ልጁን ያገኛል፤ በ«ኤሊየን» አንዲት ብርቱ ሴት ድመቷን ይዛ ትተርፋለች። በካርፔንተር ፊልም ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም። ከዚያም ይብስ፣ «እሱ እንኳ ይመለስልኝ» ብለን የምንጸልይለት ሰው አልተሰጠንም።

እዚህ ላይ ሃያስያኑን እናክብራቸው። አብዛኞቹ ያቀረቡት ዋና ክስ ገፀ ባሕርያቱ ሳሱ፣ ተምታቱ፣ አንዱን ከሌላው መለየት አቃተን የሚል ነበር። ይህ እውነት ነው! ከሰባታችን አራታችን በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ማን ማን እንደሆነ አልያዝንም። ብዙዎቹ የሚያነጻጽሩት በሃዋርድ ሆክስ አዘጋጅነት በ1951 ከተሠራው አሮጌ ፊልም ጋር ነበር፤ በእሱ ውስጥ ሰዎቹ ይቀላለዳሉ፣ ይተባበራሉ፣ ጠላታቸውም ከውጭ የመጣ፣ መልኩ የሚለይ ግዙፍ ነው። ካርፔንተር ያን ሞቅታ አጠፋው አሉ። ነገር ግን የሁለቱም ምንጭ የሆነው፣ ጆን ካምቤል በ1938 ያሳተመው ታሪክ፣ መልክ የሚቀዳ ፍጡርና የደም ምርመራ ያለበት ነው። ዋናውን ሐሳብ የተወው የ1951ዱ ፊልም ነው፤ የ1982ቱ ነው የመለሰው። ሃያስያኑ ያዩትን በትክክል አይተው፣ ያዩት ነገር የፊልሙ ጉዳይ መሆኑን ግን አላዩም። ጓደኛህን ከጭራቅ መለየት ስላቃተህ ሰው ሰዎቹን መለየት አቃተኝ ብሎ መክሰስ ምን ይባላል?

ይህን ስንል የምናስበው የደሙን ምርመራ ነው። ሄሊኮፕተር አብራሪው ማክሬዲ (ከርት ረስል) ሌሎቹን በገመድ አሳስሮ፣ የእያንዳንዳቸውን ደም በየመስታወት ሳህኑ አድርጎ፣ በእሳት የጋለ ሽቦ ይነክርበታል። ሐሳቡ ይህ ነው፤ የፍጡሩ እያንዳንዱ ጠብታ ለብቻው ሕያው ስለሆነ ራሱን ለማዳን ይሸሻል፤ የሰው ደም ግን ደም ብቻ ነው። ሽቦው ሲገባ የሚሰማው «ጭስ» የሚል ድምፅ ብቻ ነው። አንዱ ነፃ፣ ሌላው ነፃ። ከዚያ የክላርክ ተራ ይደርሳል። ክላርክ ውሾቹን የሚጠብቀው ሰው ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ የተጠረጠረው እሱ ነው። ቀደም ሲል ስለት ይዞ ሲሰነዘር ማክሬዲ ግንባሩን ብሎ ገድሎታል። አሁን የሬሳው ደም ይመረመራል፤ ጭስ። ክላርክ ሰው ነበር።

በዚህ ጊዜ ከታሰሩት አንዱ፣ ቻይልድስ፣ እንግዲያው አንተ ነፍሰ ገዳይ ነሃ ይለዋል። ማክሬዲ አይመልስም፤ ምርመራውን ይቀጥላል። ፊልሙም አያለቅስም፣ ሙዚቃ አያነሣም። እኛ ክፍል ውስጥ ግን ዝም ተባለ። መጠርጠር ምን እንደሆነ፣ የተጠረጠረ ሰው ነፃነት ከሞተ በኋላ ሲታወቅ ምን እንደሚመስል ለዚህ መጽሔት አንባቢ ሐተታ አያስፈልገውም። ቀጥሎ የሌላው ደም ከሳህኑ ሲዘል ሁላችንም ጮኽን፣ ከዚያ ደግሞ ሳቅን፤ አዛዡ ጋሪ በትሕትና ጀምሮ፣ ክረምቱን ሙሉ ከዚህ ሶፋ ጋር ታስሬ መክረም አልፈልግም ብሎ ሲያፈነዳው። ገፀ ባሕርይ የለም የተባለው ፊልም ይህ ነው እንግዲህ።

ስለ ዘግናኙ ነገር ግን ከካንቢ ጋር በከፊል እንስማማለን። ሮብ ቦቲን ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሆኖ በላስቲክና በዝልግልግ ነገር የሠራው ሁሉ የሚደነቅ ነው፤ ከኮምፒዩተር የወጣ አንድም የለበትም። ከአንገቱ ተገንጥሎ እንደ ሸረሪት እግር ያወጣው ራስ ሲሄድ ያየ ሰው አይረሳውም። ያም ሆኖ አንዳንድ ቦታ ፊልም ሠሪው በአሻንጉሊቱ ፍቅር ተይዞ ፍርሃቱን ረስቶታል። ከመካከላችን አንዷ እራቷን ትታ ወጥታለች፤ ስሕተቱ የእሷ ነው ለማለት አንደፍርም።

በዚያው ቀን የወጣው «ብሌድ ረነር»ም መጀመሪያ ገበያ አጥቶ ነበር። እሱ ግን የስቱዲዮው ትረካና ደስተኛ ፍጻሜ ተነሥቶለት በ1992፣ ከዚያም በ2007 ተስተካክሎ ወጣ። «ዘ ቲንግ»ን ሰው እያደነቀ ያየው ያንኑ የ1982ቱን ነው፤ የተለወጠው ተመልካቹ ነው። ካሴት መጣ፣ ማቆምና ወደ ኋላ መመለስ ተቻለ፤ ውሻው የገባበት ክፍል ግድግዳ ላይ የታየው ጥላ የማን ነው እያለ የሚመረምር ትውልድ ተፈጠረ። በደቡብ ዋልታ ባለው የአሜሪካ ጣቢያ የሚከርሙት ሠራተኞች ሳይቀሩ የመጨረሻው አውሮፕላን ሲሄድ ይህንን ፊልም ማየት ልማድ አድርገውታል፤ ጤነኛ ሰዎች ናቸው ወይ ያሰኛል።

ከዛሬዎቹ አድናቂዎች ጋርም የምንጣላበት ነገር አለ። መጨረሻ ላይ ጣቢያው ነዶ፣ ማክሬዲና ቻይልድስ በእሳቱ አጠገብ ቁጭ ብለው አንድ ጠርሙስ ይቀባበላሉ። ከሁለቱ አንዱ «ነገርየው» ይሁን አይሁን አይታወቅም። አድናቂዎቹ የቻይልድስ ትንፋሽ በብርዱ ይታያል አይታይም እያሉ ዓመታት ቆጥረዋል። ኧረ ተዉ! መልሱ ቢገኝ ያ ትዕይንት ምን ይቀርለታል? ሁለት ሰዎች መተማመን እንደማይችሉ እያወቁ መጠጥ መስጠታቸውና መቀበላቸው ነው ትዕይንቱ።

አሁን ወደ ከነከነን ነገር። ባለፈው ዓመት አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አጭር ልቦለድ አምጥታልን ነበር። በአንድ ወፍጮ ቤት ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ናቸው፤ ከአንዷ ማዳበሪያ እህል ይጎድላል፤ እስኪመሽ ድረስ እርስ በርስ ሲተያዩ ይቆያሉ። ሴቶቹ ስም የላቸውም፣ በሻሻቸው ቀለም ብቻ ነው የሚጠሩት። ሌባዋ አትታወቅም። እኛም ተሰብስበን «ገፀ ባሕርያቱ አይለዩም፣ አንባቢ የሚወዳት ሴት የለችም፣ መጨረሻው አልተቋጨም» ብለን መለስንላት፤ በጽሑፍ ሳይቀር። ከዚያ ወዲህ ወደ ስብሰባችን አልመጣችም። ከፊልሙ ማግስት ሁለታችን ሄደን ጽሑፉን እንደገና እንድታውሰን ጠየቅናት። «እስቲ አያለሁ» አለችን። ይህ ቅጽ እስከሚባዛ ድረስ አልሰጠችንም።