ጎርፉ ከየት ይነሣል?

ሰይሃት ተቀምጦ የውሃ ሞዴል የሚሠራ ሰው ወንዝ አያገኝም። ሳዑዲ ዓረቢያ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፤ ሰይሃት ባለችበት በቀጢፍ ዙሪያ ያለው የተምር እርሻ ለዘመናት የኖረው ከከርሰ ምድር በሚፈልቅ ውሃ ነው። ፓምፕ ሲበዛ ምንጮቹ ደረቁ። እዚህ የሚያስፈልገው ሞድፍሎ ነው፦ የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት ተቋም ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያዳበረው፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ፕሮግራም። የደማም ከተማን ስም እንደያዘው የኖራ ድንጋይ ንብርብር ያለውን ውሃ አዘል ምድር በትንንሹ ሸንሽኖ፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚያልፈውን ውሃ ያሰላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ጣና ተፋሰስ ላይ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ ጎርፉ ከየት ይነሣል? እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። አገር ቤት አብዛኛው ተመራማሪ አስቀድሞ የሚያነሣው ቴክሳስ የተወለደውን ስዋት የተባለ ሞዴል ነው። ኮዱ ክፍት ነው፣ በኪውጂአይኤስ የካርታ ፕሮግራም ላይ ይሠራል፣ የከፍታ፣ የአፈርና የመሬት አጠቃቀም ካርታ ከአየር ሁኔታ መረጃ ጋር ከሰጡት ይበቃዋል። ጎርፉን ግን በተለምዶ የሚያሰላው ከርቭ ነምበር በሚባለው፣ ከአሜሪካ እርሻዎች በተገኘ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ የአፈሩንና የሰብሉን ዓይነት ያያል፤ ማሳው ከተራራው ወገብ ይሁን ከግርጌው አይጠይቅም።

በኢትዮጵያ ደጋ ወሳኙ ግን ይኸው ነው። ከ1981 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በማይባር፣ በአንዲት ጥድ፣ ቀጥሎም በአንጀኒ የጥናት ተፋሰሶች የተሰበሰበው መረጃ ሲመረመር፣ አፈሩ አብዛኛውን ዝናብ የመምጠጥ አቅም እንዳለው ታየ። ጎርፉ በብዛት የሚነሣው ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ውሃ ከጠገበው ግርጌና አፈሩ ተሸርሽሮ ከሳሳው ቦታ ነው። ሰኔ ላይ ዶፍ ወርዶ ወንዙ እምብዛም የማይሞላው፣ ነሐሴ ላይ ግን በመጠነኛ ዝናብ የሚሞላው ለዚህ ነው።

የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ታሞ ስቲንሃውስና ባልደረቦቹ የስዋትን ኮድ ከፍተው ከርቭ ነምበሩን በውሃ ሚዛን ስሌት ተኩ፤ ጣና ተፋሰስ ውስጥ ባለው ጉማራ ወንዝ ላይም ሞከሩት። የኮድ ክፍትነት ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ኤችኢሲ ኤችኤምኤስ የተባለው ሌላ ሞዴል በነጻ ይወርዳል፤ ኮዱ ግን ስለማይገኝ እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና አይፈቅድም። ኤችቢቪ የተባለው የስዊድን ሞዴል መረጃ ለሳሳበት ወንዝ ቀላልና ጠቃሚ ነው፤ የጎርፉን መነሻ ግን በራሱ አያሳይም።

ብዙ ማነጻጸሪያ ጽሑፍ ወንዙ መውጫ ላይ የተለካውን ፍሰት ከተሰላው ጋር አስተያይቶ ለሞዴሎቹ ነጥብ ይሰጣል። ሁለት ሞዴሎች እኩል ነጥብ አግኝተው፣ አንዱ ጎርፉን ከዳገቱ፣ ሌላው ከግርጌው ሊያስነሡት ይችላሉ። ከአንዱ ሞዴል የወጣውን የጎርፍ መነሻ ካርታ ይዞ እርከን የሚያሠራው የወረዳ ባለሙያ የገበሬውን ጉልበት የሚያውለው ሞዴሉ በጠቆመው ቦታ ነው። ስለዚህ ሞዴሉን ከማጽደቄ በፊት በነሐሴ ውሃ የሚያቁር ማሳ የትኛው እንደሆነ የቀበሌውን ገበሬዎች አስጠይቃለሁ። መልሳቸው ከካርታው ጋር ካልገጠመ፣ ነጥቡ የቱንም ያህል ቢያምር ያንን ሞዴል ለእርከን ሥራ አላቀርብም።