መልክአ እናት

ሊቃውንቱ ቅዱሳንን በመልክዕ ያወድሳሉ፤ ከራስ ፀጉር ተነሥተው እስከ እግር ጥፍር፣ ለየአካላቱ ሰላምታ እያቀረቡ ይወርዳሉ። እኔ ከቅኔ ማኅሌቱ ደጅ የቆምሁ እንጂ ከውስጥ የገባሁ አይደለሁም፤ ጉባኤ ቃና እንኳ አልቆጠርሁም። ነገር ግን ሳላመሰግን ብቀር ዕዳ የሚሆንብኝ አንድ መልክ አለኝ፤ የልደታ ለማርያም ደወል በሚሰማበት ሠፈር፣ ከጭቃ በተሠራች ቤት፣ ለልጆቿ ጸሎትን በዜማ ያጎረሰች የእናት መልክ። እማዬ፣ ድፍረቴን ይቅር በይኝና ልጀምር።

ሰላም ለጉሮሮሽ! ጎሕ ሳይቀድ፣ ምድጃው ሳይጫር፣ ከዶሮ ቀድሞ ለሚነቃው ጉሮሮሽ ሰላምታ ይገባል። የድጓ ተማሪ ዓመታት የሚደክምባቸውን ምልክቶች በስማቸው አታውቂያቸውም ነበር፤ ይዘቱን ግን ትይዢዋለሽ፣ ቁርጡን ትቆርጪዋለሽ፣ ርክርኩንም እንደ ምንጭ ውኃ ታንቆረቁሪዋለሽ። ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የዘራው ዘር፣ ዘመናትን ተሻግሮ በአንቺ ጓዳ አሸተ። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የተሰጠ ጸሎት ነውና፣ እኛ ልጆችሽ ሰኞን ከማክሰኞ የለየነው በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አልነበረም። ዓይናችንን ሳንገልጥ፣ በብርድ ልብስ እንደተጠቀለልን፣ ዕለቱን ከአፍሽ ሰማነው።

ሰላም ለእጆችሽ! ሊጥ አቡክተው፣ ልብስ አጥበው፣ አመሻሽ ላይ የማኅሌት እጅ ለሚሆኑት እጆችሽ ሰላምታ ይገባል። በቤታችን ከበሮ አልነበረም፤ ቢጫ ጀሪካን ግን ነበረ። ውኃው ያለቀ ዕለት እርሱን አጋድመሽ እየመታሽ፣ የከበሮው ሰፊ አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ አፍ የትስብእት ምሳሌ እንደሆነ፣ ጠፍሩም የጌታን የግርፋት ሰንበር እንደሚያሳስብ ነገርሽን። አንድ አፍ ብቻ ባለው ጀሪካን የሁለቱን አፍ ምሥጢር አስተማርሽ! ድህነት ያላሳፈረው ጥበብሽ ይመስገን።

ሰላም ለጆሮሽ! ስሕተትን እንደ ኃጢአት ላልቆጠረው ጆሮሽ ሰላምታ ይገባል። መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት፣ በጧፍ ብርሃን፣ አቡነ ዘበሰማያትን ስታስጀምሪን፣ እኔ የአምስት ዓመቱ ልጅሽ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አቡነ ዘቢብ» ብዬ ተቀበልሁ። ታላቅ እኅቴ በሳቅ ወደቀች። አንቺ ግን አልሳቅሽም።

«ዘቢብማ ተጨምቆ ለቅዳሴው ወይን ይሆናል፤ አባታችን አይቀየምህም። በል፣ እንደገና አብረን እንበለው።»

ቃሉን በዜማው ልክ ቆራርሰሽ፣ እንደ እንጀራ ጉርሻ አንድ በአንድ ሰጠሽኝ። ያን ምሽት ነው ያሬድ በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ከመምህሩ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር መቀመጡን ያወጋሽን፤ እየወደቀ እየተነሣ በመጨረሻ ዛፉን የወጣውን ትልም ያሳየሽን። በጧፉ ብርሃን ጣትሽ በግድግዳው ላይ ትል ሆኖ ሲወጣ ዛሬም ይታየኛል።

ሰላም ለጉልበቶችሽ! በጠበበው ወለል ላይ ለሰፊው ዙፋን ለተንበረከኩት ጉልበቶችሽ ሰላምታ ይገባል። ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችን ልደት ሲታሰብ፣ ኢያቄምና ሐና በሊባኖስ ተራራ በሜዳ ያሳለፉት ዘመን ትዝ እንዲል፣ ጎረቤት ሁሉ ከቤት ወጥቶ በደጅ ሲሰበሰብ፣ ንፍሮው ሲጨስ፣ ዳቦው ሲቆረስ፣ ያንቺ ሕግ አንድ ነበር፤ ትንሹ ልጅ ያስጀምራል፣ ትልልቆቹ ይቀበላሉ። ሽማግሌዎችና ባልቴቶች የሕፃን አፍ እየጠበቁ ቆሙ። በዚያች መንደር፣ በዚያች ሰዓት፣ መሪጌታው አራት ጥርሱ የወለቀ ልጅ ነበር!

ያቺ ቤት ዛሬ የለችም፤ ሠፈሩ ፈርሶ ፎቅ በቅሎበታል፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮም ባቡሩ በልደታ ሽቅብና ቁልቁል ይመላለሳል። ግድግዳውን ግሬደር ገፋው፤ በግድግዳው መካከል የተዘመረውን ግን የሚገፋ አልተገኘም።

ሰላም ለልቦናሽ! ሕፃን ካልተረዳ አይጸልይ ላላለው ልቦናሽ ሰላምታ ይገባል። አስቀድመሽ ዜማውን በአፋችን አኖርሽ፤ ትርጓሜው በየዕድሜያችን እየመጣ ቤቱን ተሰናድቶ አገኘው። ይህን ያወቅሁት አንቺ በታመምሽበት ሌሊት ነው። ከሆስፒታል ኮሪደር ቆሜ ልጸልይ ብል ቃል ከዳኝ። ከከንፈሬ የወጣው ቃል የሌለው የጧት ዜማሽ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ቃሉ፣ ላሚቱን እንደሚከተል ጥጃ፣ ዜማውን ተከትሎ መጣ። ያን ጊዜ ለእኔ የሰጠሽኝ ለመልካም ቀን ማጌጫ ሳይሆን ለክፉ ቀን ስንቅ እንደነበረ ገባኝ።

እነሆ አሁን ሽበትሽ ነጥቷል፤ ነጠላሽን ተከናንበሽ ከውስጠኛው ክፍል ታርፊያለሽ። ትናንት ማታ ልጄን ከአልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ ጸሎት ሳስጀምራት፣ እርሷም የራሷን «ዘቢብ» ይዛ መጣች። ሳቄን ዋጥሁት።

«በይ፣ እንደገና አብረን እንበለው» አልኋት።

እኛ ሳንጀምር፣ ከወዲያኛው ክፍል፣ ሻካራና ቀጭን ድምፅሽ ቀድሞን ተነሣ።